ትራክተሩ በአራቱም ጎማ መቼ ይሥራ?

ማሳው ጠባብ፣ የገጠር መንገዱም ቀጭን በሆነበት ደጋማ አካባቢ ከትልልቆቹ ይልቅ ከ20 እስከ 60 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አነስተኛ ትራክተሮች ይመቻሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከነጂው ወንበር አጠገብ አንዲት አጭር ዘንግ አለቻቸው። ዘንጓ ስትገባ የሞተሩ ጉልበት ወደ ፊት ጎማዎችም ይደርሳል፤ ስትወጣ የኋላዎቹ ብቻ ይጎትታሉ። ነጂዎች «ፎር ዊል» ይሏታል። አንዳንዱ ነጂ በግንቦት አስገብቷት እስከ መስከረም ይረሳታል። ሌላው ደግሞ ጎማ ትበላለች፣ ናፍጣ ትጨርሳለች ብሎ ጭቃ ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ አይነካትም። ሁለቱም ይከስራሉ። ከሁሉም የከፋው ግን ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ዘንጓን ሳያስገባ የሚጀምረው ነው፤ የእርሱ ኪሣራ በገንዘብ ላያበቃ ይችላልና።

ጉዳዩ ከማሳ ውጪ ያሉትንም ይነካል። ትራክተር ገዝተው በሹፌር የሚያከራዩ የከተማ ነዋሪዎች አሉ፤ ማሽኑ ገጠር ውሎ ገጠር ስለሚያድር እንዴት እንደሚነዳ አያዩም። የፊት አክስሉ ተሰብሮ ጋራዥ ሲገባ ግን ወጪው ወደ እነርሱ ይመጣል። መለዋወጫው ተፈልጎ እስኪገኝ የእርሻው ወቅት ያልፋል፤ ትራክተሩን ሲጠብቅ የነበረው አርሶ አደርም በሬ ፍለጋ ይወጣል። እህል ጭኖ በከተማ አስፋልት የሚያልፈው ትራክተርም ፍሬኑ የት እንዳለ ማወቅ ለእግረኛውም ለባለ መኪናውም ይጠቅማል።

የፊት ጎማ ለምን ይቀድማል?

የአነስተኛ ትራክተር የፊት ጎማ ከኋላው ያነሰ ነው። ስለዚህ ከኋላው እኩል ለመጓዝ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፤ ይህን የሚያመቻቸው በውስጥ ያለው የማርሽ ምጣኔ ነው። ፋብሪካዎች ግን ምጣኔውን ልክ እኩል አያደርጉትም። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ በጥቂቱ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 5 በመቶ፣ ቀድመው እንዲሄዱ አድርገው ይሠሩታል። የፊቱ ጎማ ትራክተሩን እንዲስብ እንጂ በኋላው እየተገፋ እንዲከተል ስለማይፈለግ ነው።

ልዩነቱ 3 በመቶ ነው ቢባል፣ የኋላ ጎማዎች 100 ሜትር ሲጓዙ የፊቶቹ 103 ሜትር መጓዝ ይፈልጋሉ። ሁለቱም የአንድ ትራክተር ጎማዎች ናቸውና ያ የ3 ሜትር ትርፍ አንድ ቦታ መጥፋት አለበት። በእርጥብ ወይም በታረሰ መሬት ላይ አፈሩ ይለቅላቸዋል፤ ጎማው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ደረቅ አስፋልት ግን አይለቅም። ጎማው መንገዱን እየፋቀ ይሄዳል፤ ያልተፋቀው ትርፍ ደግሞ እንደ ተጠመዘዘ ገመድ በውስጥ ባሉት ዘንጎችና በማርሽ ጥርሶች ላይ ይከማቻል። በከተማ የሚታዩ አንዳንድ አራት ጎማ ጎታች መኪኖች በፊትና በኋላ አክስሎቻቸው መካከል ይህን ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል አላቸው። አነስተኛ ትራክተር በአብዛኛው የለውም። ዘንጓ ስትገባ ሁለቱ አክስሎች እርስ በርስ ይታሰራሉ።

በቀጥታ ሲሄዱ እንዲህ ከሆነ ሲታጠፉ ይብሳል። በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል 1 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያለው ትራክተር የኋላ አክስሉ መሐል በ2 ሜትር ተኩል ራዲየስ ክብ ቢሠራ፣ የፊቱ አክስል መሐል 3 ሜትር ያህል ራዲየስ ባለው ክብ ላይ ይዞራል። የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ 20 በመቶ ያህል የበለጠ መንገድ አለባቸው ማለት ነው፤ ማርሹ የሰጣቸው ብልጫ ግን 3 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሚስበው የፊት ጎማ ራሱ ወደ ኋላ የሚይዝ ይሆናል። መሪው ይከብዳል፣ ትራክተሩ መታጠፉን ትቶ ወደ ፊት መግፋት ይቀናዋል፣ የጎማው ጥርስ ከጠጠሩ ጋር ይፋጫል። መጋዘን በር ላይ፣ በነዳጅ ማደያ ግቢ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ ፎር ዊል አስገብቶ ደጋግሞ መጠምዘዝ ከሁሉም የከፋ አጠቃቀም ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የመጀመሪያው ሕግ ቀላል ነው፤ ሜዳማና ደረቅ በሆነ ጠንካራ መንገድ ላይ ዘንጓ ትውጣ። ከወረታ ተነሥቶ በአስፋልት ወደ ማሳ የሚጓዝ ትራክተር መንገዱን እስኪለቅ ድረስ የፊት ጎማው ጉልበት አያስፈልገውም። ትራክተሩ ቆሞ በሚሠራው ሥራም፣ ማለትም መውቂያ ወይም የውኃ መሳቢያ ፓምፕ ሲያዞር፣ ለምንም አትጠቅምም። ለዚህ ዓይነት ሥራና ለደረቅ መንገድ ጭነት ብቻ ትራክተር የሚፈልግ ገዢ ለአራት ጎማ ጎታች ተጨማሪ ዋጋ ባይከፍል ይሻለዋል። መንገዱ ቁልቁል በሆነ ጊዜ ግን ሕጉ ይለወጣል፤ ይህ ከታች ይብራራል።

በማሳ ውስጥ

ማረሻ ሲጎተት ጎማው መሬቱን ይቧጥጣል፤ መሬቱም መጠነኛ ወደ ኋላ ይሸሻል። ጎማው ፈጽሞ የማይንሸራተት ከሆነ ትራክተሩ ከሥራው በላይ ከባድ ነው፤ ክብደቱን ለመሸከም ናፍጣ ያቃጥላል፣ አፈሩንም ይጠቀጥቃል። መጠነኛ መንሸራተት፣ ከ8 እስከ 15 በመቶ ያህል፣ ጤናማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ከእያንዳንዱ ሊትር ናፍጣ እየጨመረ የሚሄደው ክፍል ጎማ በባዶ ለማዞር ይውላል። 30 በመቶ የሚንሸራተት ትራክተር ከ10 ዙሩ ሦስቱን የሚሠራው ለጎማ ሻጩ ነው።

ስለዚህ ፎር ዊል ናፍጣ ይጨርሳል የሚለው አባባል በደረቅ መንገድ ላይ እውነት ቢኖረውም በማሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። አራቱም ጎማዎች ሲስቡ መንሸራተቱ ይቀንሳል፤ ያው ሥራ ባነሰ ዙር ይጠናቀቃል። እዚህ ላይ የኪራይ ውሉ ዓይነት ልዩነት ያመጣል። በሰዓት የሚከፍል አርሶ አደር የመንሸራተቱን ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል፤ በሄክታር የሚከፍል ከሆነ ዕዳው የባለ ትራክተሩ ነው። በሰዓት የሚከራይ ሰው ጎማውን አተኩሮ ቢያይ ያዋጣዋል።

መንሸራተቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። በአንደኛው የኋላ ጎማ ጎን ላይ በኖራ ወይም በቀለም ምልክት ይደረጋል። ማረሻው መሬት ገብቶ ትራክተሩ እያረሰ ሳለ ምልክቱ መሬት ሲነካ እዚያ ቦታ ላይ ችካል ይተከላል፤ ጎማው 10 ጊዜ ሲዞር ሁለተኛ ችካል ይተከላል። ከዚያ ማረሻውን አንሥቶ፣ በዚያው ማሳ፣ በሁለቱ ችካሎች መካከል ያለውን ርቀት በባዶ እየነዱ ጎማው ስንት ጊዜ እንደሚዞር መቁጠር ነው። 8 ተኩል ከሆነ መንሸራተቱ 15 በመቶ ነው፤ 9 ከሆነ 10 በመቶ። 7 ከሆነ ደግሞ ፎር ዊል አልገባም፣ ወይም ማረሻው ለትራክተሩ ከብዷል፣ ወይም የፊቱ ክብደት አንሷል፣ አለዚያም አፈሩ ገና አልደረሰም። አንድ ሰው ችካል ይዞ፣ ሌላው እየነዳ ከሩብ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል።

የፊቱ ክብደት ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። የፊት ጎማ የሚስበው የሚጫነው ክብደት ሲኖር ነው። አራት ጎማ ጎታች ትራክተር በሚሠራበት ጊዜ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ ያህሉ በፊት አክስሉ ላይ ቢሆን ይመከራል። ከኋላ የተንጠለጠለ ከባድ ማረሻ ሲነሣ የፊቱን ያቀልለዋል፤ ማረሻው ሲጎትትም እንዲሁ። ለዚህ ነው በፊት በኩል የሚሰቀሉት የብረት ክብደቶች ከትራክተሩ ጋር አብረው የሚሸጡት። እነዚያን ብረቶች አውልቆ መጋዘን ያስቀመጠ ባለቤት የፊት አክስሉን ገዝቶ ሳይጠቀምበት ቀርቷል ማለት ይቻላል።

ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ደለል የተሞላ ነው። ክረምት ላይ ውኃ ይተኛበታል፤ ለሩዝ የተመቸውም ለዚህ ነው። በሰሜን ሸዋ የሞረትና ጅሩ ጥቁር አፈርም ስንዴና ጤፍ ያበቅላል እንጂ ጠባዩ ለማሽን አይመችም። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት የሚሸፍነው ይህ ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ይጣበቃል። በሁለቱ መካከል ለእርሻ የሚመቸው እርጥበት የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። አራት ጎማ ጎታች ትራክተር ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው በእነዚያ ቀናት ነው፤ ትልቁ ፈተናም የሚመጣው ከእነርሱ ቀጥሎ፣ አፈሩ ከልክ በላይ ከረጠበ በኋላ ነው።

የኋላ ጎማ ብቻ ያለው ትራክተር ከልክ ባለፈ እርጥብ ዋልካ ውስጥ ሲገባ በማሳው ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ ነጂውም ተመልሶ ይወጣል። አራት ጎማ ጎታቹ ግን ይገባል። ያርሳልም። ጉዳቱ የሚታየው ቆይቶ ነው። የሚንሸራተት ጎማ እርጥቡን ዋልካ ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን እንደምታለሰልሰው ያለሰልሰዋል፤ ክብደቱም ይጠቀጥቀዋል። ከታች የተፈጠረው ልስን ውኃ አያሰርግም፣ ሥርም አያሳልፍም። መጀመሪያውኑ ውኃ በመተኛት በሚጎዳ መሬት ላይ፣ ገበሬው በመደብና በቦይ ውኃውን ለማውጣት በሚደክምበት ማሳ ላይ፣ ይህ በራስ ገንዘብ የተገዛ ጉዳት ነው። አብዛኛው መጠቅጠቅ የሚደርሰው ጎማው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፍ ነውና «አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ማለት አያድንም።

በእርጥብ ማሳ ላይ ውሳኔውን የሚሰጠው ትራክተሩ መግባት መቻሉ ሳይሆን አፈሩ መድረሱ ነው። ማረሻው ከሚደርስበት ጥልቀት አንድ እፍኝ አፈር ይወጣና በሁለት መዳፍ መካከል ይድቦለቦላል። እንደ እርሳስ የቀጠነ ረጅም ክር ሆኖ ሳይቆረጥ ከቆየ አፈሩ ገና እርጥብ ነው፤ ሁለት ቀን መጠበቅ ይሻላል። እየተሰባበረ ከወደቀ ደርሷል። የላይኛውን አፈር ብቻ መሞከር ያሳስታል፤ ፀሐይ የመታው ገጽ ደርቆ ከሥሩ ሊጥ ሊሆን ይችላል።

በማሳው ጫፍ ላይ ሲታጠፉ ዘንጓን ማውጣት ያስፈልግ እንደሆነ ነጂዎች ይከራከራሉ። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ አያስፈልግም፤ አፈሩ ልዩነቱን ይቀበላል፣ ማረሻውን አንሥቶ ፍጥነት ቀንሶ መታጠፍ ይበቃል። የማሳው ጫፍ የደረቀ የከብት መንገድ ወይም ጠጠር ከሆነ ግን ሰፋ አድርጎ መታጠፍ፣ ካልተቻለም ማውጣት ይገባል። አጎራባች ማሳዎች በኩታ ገጠም ሲታረሱ መስመሩ ስለሚረዝም ይህ ችግር ይቀንሳል፤ ብዙ ጊዜ የማይነገርለት የኩታ ገጠም ጥቅም ነው።

ቁልቁለት

በአብዛኞቹ አነስተኛ ትራክተሮች ላይ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ነው። የፊት ጎማዎች ፍሬን የላቸውም። ይህን የማያውቁ ነጂዎች መኖራቸው ያሳስባል፤ የሚከተለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነውና።

ትራክተር ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፤ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ወደ ፊት። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ መሬት የሚቆነጥጠው ፍሬን የሌለው የፊት ጎማ ነው፤ ፍሬን ያለው የኋላ ጎማ ደግሞ ይቀልላል። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ የቀለለው የኋላ ጎማ መዞሩን ያቆማል፤ ትራክተሩ ግን አይቆምም፤ የቆመው ጎማ በጠጠሩ ላይ ይንሸራተታል። ከፊት በባልዲ አፈር ወይም ፍግ የጫነ ትራክተር ከሆነ የኋላው ጭራሹን ሊነሣ ይደርሳል።

ዘንጓ ስትገባ ይህ ይለወጣል። ሁለቱ አክስሎች በውስጥ ስለታሰሩ የኋላ ፍሬን የያዘው ኃይል በማርሾቹ በኩል የፊት ጎማዎችንም ይይዛል። ሞተሩ በዝቅተኛ ማርሽ የሚሰጠው የመያዝ ኃይልም ወደ አራቱም ጎማዎች ይከፈላል። መሬት በሚቆነጥጠው ጎማ ላይ ፍሬን ተገኘ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቁልቁለት ከላይ ለተጠቀሰው የደረቅ መንገድ ሕግ ዋናው ልዩ ሁኔታ የሆነው፤ ጭነት ይዞ፣ ተሳቢ ጎትቶ ወይም ባልዲ ሞልቶ ቀጥ ያለ ቁልቁለት የሚወርድ ትራክተር መንገዱ ደረቅና ጠንካራ ቢሆንም ፎር ዊል ያስገባ። ለጥቂት መቶ ሜትሮች የሚፋቀው የጎማ ጥርስ ከሰው ሕይወት ጋር አይመዘንም።

የሚገባበት ጊዜ ግን ወሳኝ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ትራክተሩ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ ነው። በፍጥነት እየሄደ ሳለ በድንገት ማስገባት የፊት ጎማዎችን በአንዴ ስለሚይዛቸው ትራክተሩን ያወዛውዛል፤ ማርሹንም ይሰብራል። በዚያው ቆሞ ዝቅተኛው ማርሽ ይመረጣል፤ ዳገቱን ለመውጣት የሚያስፈልገው ማርሽ ለመውረድም የሚያስፈልገው ነው። መሐል መንገድ ላይ ማርሽ ለመቀየር መሞከር ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ መንከባለል የሞተሩን መያዣ መጣል ነው፤ አንዴ ከለቀቀ በኋላ ማርሹን መልሶ ማስገባት አይቻልም።

ተሳቢው የራሱ ፍሬን ከሌለው፣ ብዙዎቹም የላቸውም፣ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል። ኩንታል የሞላ ተሳቢ ከአነስተኛ ትራክተር ይከብዳል፤ ትራክተሩ ትንሽ ጠመም ካለ ጎኑን ገፍቶ ያዞረዋል። ዳገት ያወጣው ጭነት ሁሉ ቁልቁለት ያወርደዋል ማለት አይደለም፤ መውጣት የሚችሉት ጭነት በሞተሩ ጉልበት ይለካል፣ መውረድ የሚችሉት ግን በክብደቱና በፍሬኑ። ወደ ጀማ ሸለቆ እንደሚወርዱት ዓይነት መንገዶች ላይ ጭነቱን ሁለት ጊዜ መከፋፈል የናፍጣ ብክነት አይደለም።

ሌላው የተረሳ ነገር ሁለቱ የፍሬን መርገጫዎች ናቸው። ትራክተር የግራና የቀኝ የኋላ ጎማውን ለየብቻ የሚይዙ ሁለት መርገጫዎች አሉት፤ በማሳ ውስጥ በጠባብ ለመታጠፍ ይጠቅማሉ። በመንገድ ላይ ግን ሁለቱ በማያያዣው መታሰር አለባቸው። ሳይታሰሩ በፍጥነት አንዱን ብቻ የረገጠ ነጂ ትራክተሩን በቅጽበት ወደ አንድ ጎን ያዞረዋል፣ ሊገለብጠውም ይችላል። ከማሳ ወደ መንገድ ሲወጣ መታየት ያለበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ማያያዣ ነው፤ ፎር ዊል ሁለተኛ ነው።

ፎር ዊል ወደ ጎን ከመገልበጥ አያድንም። በተዳፋት ላይ አግድም የሚሄድ ትራክተር የሚገለበጠው የክብደቱ መሐል ከጎማው ውጪ ሲወጣ ነው፤ የፊት ጎማ መሳቡ ይህን አይለውጠውም። እንዲያውም ጎማው ስለማይንሸራተት ነጂው ባልተገባ ድፍረት ከፍ ወዳለው ተዳፋት እንዲወጣ ያደርገዋል። የሚያድነው የመገልበጥ መከላከያው ብረትና የወንበሩ ቀበቶ ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ። ብረቱ እያለ ቀበቶ ያልታሰረ ነጂ ከወንበሩ ተወርውሮ ከዚያው ብረት ሥር ሊወድቅ ይችላል። በጭቃ መከላከያው ላይ ሰው አሳፍሮ መንዳትም የተለመደ ነው፤ ለዚያ ሰው ብረቱም ቀበቶውም የለም።

ትራክተሩ ሲሰምጥ

ፎር ዊል ገብቶ የሰመጠ ትራክተር ሳይገባ ከሰመጠው ይልቅ ለማውጣት ይከብዳል፤ ወደ ማጡ ዘልቆ ከገባ በኋላ ነውና የቆመው። ብልህ ነጂ አጠራጣሪውን ቦታ በኋላ ጎማ ብቻ ይሞክረዋል፤ ሲንሸራተት ያቆማል፣ ዘንጓን አስገብቶ በመጣበት ዱካ ወደ ኋላ ይወጣል። የፊት ጎማውን ጉልበት ለመግቢያ ሳይሆን ለመውጫ አስቀመጠው ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ የምታግዝ ሌላ መርገጫ አለች፤ የዲፈረንሻል መቆለፊያ። ብዙዎች ከፎር ዊል ጋር ያምታቷታል። ፎር ዊል የፊቱን አክስል ከኋላው ጋር ያስራል፤ መቆለፊያው ደግሞ የኋላውን የግራ ጎማ ከቀኙ ጋር ያስራል። ዲፈረንሻል ጉልበቱን መሬት ወዳልያዘው ጎማ ስለሚለቅ፣ አራት ጎማ ጎታች የተባለው ትራክተር ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ጎማ በባዶ እያሽከረከረ ቆሞ ሊቀር ይችላል። መቆለፊያው የኋላዎቹን ሁለቱን እኩል ያስኬዳል። የምትረገጠው ጎማው ከመዞር ሲቆም ወይም በጣም በቀስታ ሲዞር ነው፤ በቀጥታ መስመር ብቻ ይኬዳል፤ ከመታጠፍ በፊት ትለቀቃለች። ቆልፎ መታጠፍ አክስል ይሰብራል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ ሌላ ትራክተር መጥቶ ይጎትተው። ግንድ በሰንሰለት ከኋላ ጎማ ጋር አስሮ ወደ ፊት ለመውጣት መሞከር መወገድ ያለበት ልማድ ነው። ጎማው ግንዱ ላይ መውጣት ሲያቅተው የሞተሩ ጉልበት መሄጃ ያጣና ትራክተሩን ከፊት ያነሣዋል። በጀርባው ለመገልበጥ ከማይመለስበት ነጥብ የሚደርሰው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ አይበቃም። የሚጎትተው ትራክተርም ሰንሰለቱን በታችኛው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ማሰር ይገባዋል። ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በአክስሉ ወይም በወንበሩ ሥር የታሰረ ሰንሰለት ያንኑ አደጋ ወደ ረዳቱ ያመጣዋል።

ጎማና ዘይት

የፊት ጎማው ብልጫ ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ በመሆኑ የጎማ ለውጥ ያዛባዋል። በገበያ የተገኘውን፣ ቁጥሩ የተለያየ ጎማ ከፊት መግጠም በኋላ ጎማ ብቻ ለሚሠራ ትራክተር መሪውን ከማክበድ ያለፈ ላያመጣ ይችላል፤ ፎር ዊል ላለው ግን ማርሹን መስበር ነው። አነስ ያለ የፊት ጎማ ከተገጠመ የፊቱ ከኋላው ኋላ ይቀራል፤ ትራክተሩን መሳቡ ቀርቶ ሁልጊዜ እየተገፋ ይሄዳል። ተለቅ ያለ ከተገጠመ ደግሞ ብልጫው ከልክ ያልፋል። የኋላዎቹ ብቻ አዲስ ሆነው የፊቶቹ ጥርሳቸው ያለቀ እንደሆነም ልዩነቱ ይሰማል። ከመግዛት በፊት በጎማው ጎን የተጻፈውን ቁጥር ከማሽኑ መመሪያ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት፣ የአራቱንም ንፋስ መለካት ይገባል፤ ንፋስ ያነሰበት ጎማ ዙሪያው ያነሰ ጎማ ነው።

ዘንጓ አልወጣም ብላ ብትይዝ መጎተትም መምታትም አያስፈልግም። በውስጥ የተከማቸው ውጥረት ነው የያዛት። ትራክተሩን ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት፣ ወይም ወደ ለስላሳ መሬት ወስዶ መሪውን ግራና ቀኝ እያዞሩ መንዳት ይፈታታል። በተደጋጋሚ የምትይዝ ከሆነ ግን ትራክተሩ በጠንካራ መንገድ ላይ አብዝቶ በፎር ዊል እየተነዳ ነው፤ ሹፌር የቀጠረ ባለቤት ይህን እንደ ምስክር ሊቆጥረው ይችላል።

በሩዝ ማሳ ውሎ የመጣ ትራክተር የፊት ጎማ መሐሉ በጭቃ ውኃ ውስጥ ሲዞር ይውላል። በዚያ በኩል ያሉት ጎሚኒዎች ካረጁ ውኃ ወደ ማርሹ ዘይት ይገባል። የማፍሰሻው ቦሎን በጥቂቱ ሲላላ የሚወርደው ዘይት ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት።

ፎር ዊሉ በእርግጥ መሥራቱንም ጭቃው ውስጥ ከመግባት በፊት ማወቅ ይቻላል። በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ ማረሻ አስገብቶ ጥቂት ሜትር ከተነዳ በኋላ ወርዶ የፊት ጎማውን ዱካ ማየት ነው። የሚስብ ጎማ የጥርሱን ምልክት ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ አፈሩን በትንሹ ቧጥጦ ይተዋል። ጥርሱ እንደ ማኅተም ንጹሕ ሆኖ የታተመ ከሆነ ጎማው እየተገፋ ነው እንጂ እየሳበ አይደለም፤ ዘንጓ ብትገባም ከውስጥ የተቋረጠ ነገር አለ። ይህ ፍተሻ በግንቦት፣ መካኒክ ሥራ ሳይበዛበትና ዝናቡ ሳይጠና ቢደረግ ለመጠገን ጊዜ ይገኛል።